የናጅዋ አቡጀዲ

ፍየሏ ከነግልገሏ ግራና ነበረች፤ ጥልፉ መርሳ። በመካከላቸው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድና ገና ያላለቀ አንድ የአልጋ ልብስ ነበር።

ናጅዋ ያንን መንገድ በሐሳቧ በቀን አሥር ጊዜ ትመላለስበታለች። ጥልፉን ጨርሳ፣ አጥባ፣ አጣጥፋ ለእትዬ ዘይነባ ታስረክባለች፤ ፍየሏን በገመድ እየሳበች ትመለሳለች፤ ሀስና ወተት ትጠጣለች። ሐሳቧ እዚህ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

ሀስና ልጇ ናት፤ አሥረኛ ወሯን ይዛለች። ነሐሴ ላይ ጦሩ መርሳ ሲገባ ጭኗ የተነፋ፣ ላየችው ሁሉ የምትስቅ ልጅ ነበረች። አባቷ ዓሪፍ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሰው ጭኖ ኮምቦልቻ እንደወረደ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ፤ ስልኩም፣ መብራቱም፣ ባንኩም ተከታትለው ጠፉ። ናጅዋ በማሽላ ንፍሮ እየዋለች እያደረች ሳለ መስከረም ላይ ታይፎይድ ጣላት። ስትነሳ ጡቷ ነጥፎ ነበር። ልጅቱ ትስባለች፣ ምንም የለም፤ ታለቅሳለች። እያደር ግን ልቅሶውም አነሰ። ናጅዋን ያስደነገጣት ይሄኛው ነው። የሚያለቅስ ልጅ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

እትዬ ዘይነባ ግራና የሚኖሩ ባለ መሬት ሴት ናቸው፤ በደጉ ጊዜ ገበያ ሲወጡ የናጅዋን የትራስ ልብስ ገዝተው ያውቃሉ። በጥቅምት መጀመሪያ በእግራቸው መርሳ ድረስ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «በእንዲህ ያለ ጊዜ ሴት ልጅን ቤት አያቆዩም» ብለው ኒካሑን አጣድፈውታል። ጦርነት ቢሆንም ወግ ወግ ነውና የወንዱ ወገን ሴቶች ገብተው የሙሽራዋን አልጋ ያያሉ። በእጅ የተጠለፈ ካልተነጠፈበት ወሬው ልጅቱን እስክታረጅ ይከተላታል።

«ብር አልሰጥሽም፤ ብር ዛሬ ምን ይገዛል?» አሏት። «ግልገል የወለደች ፍየል አለችኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ትታለባለች። ጥልፉ ለኒካሑ ከደረሰ ከነግልገሏ ያንቺ ናት። ካልደረሰ ግን ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ ገበያ የለ፣ በግ የለ፣ ለሰርጉ አርዳታለሁ።»

«ይደርሳል እትዬ።»

«ወላሂ በይ።»

«ኢንሻአላህ ነው እንጂ የሚባለው።»

«ኢንሻአላህማ መሥራት የማይፈልግም ይላል!» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

አቡጀዲው በቤቷ ነበረ። ከጦርነቱ በፊት ከአከራይዋ ከኑርሁሴን ሱቅ ያስቆረጠችው ነው፤ ለአልጋው ሁለት ቁራጭ መሃል ለመሃል ገጥማ ሰፋች፣ ለትራስ የሚሆን፣ እንደነሱው ረጅም የሆነ ሦስተኛ ቁራጭ ተረፋት። የጠፋው ክር ነበር። በመላው መርሳ የጥልፍ ክር የሚባል የለም። ናጅዋ ግን አሥረኛ ክፍል እስክትጨርስ ጥልፍ የሠራችው መቼም ክር ገዝታ አይደለም። የዓሪፍን ቀይ ሹራብ አወጣችና ተረተረችው። ጎረቤቷ ጽጌ የልጇን አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራብ አመጣችላት፤ «ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ያኔ እናስብበታለን» አለች። ከሹራብ የተፈታ ክር ይጨማደዳል፤ ናጅዋ በሚፈላ ድስት እንፋሎት ላይ እየያዘች ታቃናዋለች፤ ወፍራም ስለሆነም በጥርሷ ይዛ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ቀለሙ እንዳይለቅ በሙቅ ጨው ውኃ ነክራ በነጭ ብጣሽ ላይ ትጨምቃለች፤ ብጣሹ ከቀላ እንደገና ትነክረዋለች። ከሁለት የተሰበሩ ባልዲዎች አፍ ቆርጣ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገብታ ጨርቅ የምትወጥርበት ክብ ሠራች። መርፌዋ አንዲት ናት፤ ስትዶለዱም በሲኒ ቂጥ ትስላታለች።

«ዓሪፍ መጥቶ ሹራቤስ ቢልሽ?» አለቻት ጽጌ አንድ ቀን፣ ክሩን እየጠቀለለችላት።

«ግራና ሙሽሮች ተኝተውበታል እለዋለሁ።»

«እሱማ ዕድለኛ ሹራብ ነው። የእኔ ባል ሹራብ እኔንም አላስተኛኝ።»

የመርሳ ልጅ ናትና በአራቱ ማዕዘን ብርቱካን ከነቅጠሉ ጠለፈች። መሃሉ ላይ፣ እትዬ ዘይነባ እንዳዘዙት፣ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ገባ። ፊደሉን ስትነድፍ እርሳስ አጥታ በእስክሪብቶ ነደፈችው። እስክሪብቶ ታጥቦ እንደማይለቅ ታውቃለች፤ ክሩ ይሸፍነዋል ብላ ነው።

ስትጠልፍ ሀስናን የሚይዙላት የኑርሁሴን አባት፣ አባ አብዱልሐሊም ነበሩ። የስኳር በሽተኛ ናቸው። ጠዋት ከጭዱ ክምር ጥግ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ «አምጫት፣ አንቺ ስፊ» ይላሉ። ልጅቱን ጭናቸው ላይ አድርገው መቁጠሪያቸውን ያስይዟታል። ዓሪፍ የውኃ ሽታ ሆኖ ሲቀር ኑርሁሴን ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ «እኔ በቁሜ እያለሁ አታስወጣትም» ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ለናጅዋ አልነገሯትም። የሰማችው ከጽጌ ነው።

መድኃኒታቸው ካለቀ ሁለተኛ ወሩ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ተሰብሯል፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ነው። በአንድ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የግቢው ሴቶች ጩኸት ተሰማ። አባ አብዱልሐሊም አልነቁም።

ኒካሑ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ከጥልፉ የቀረው የአንድ ማዕዘን ቅጠል ነው።

ሬሳው ከዙህር ሶላት በኋላ መቀበር አለበት። አጣቢ ተገኘ፣ ቆፋሪ ተገኘ፤ ከፈን ጠፋ። የኑርሁሴን ሱቅ በነሐሴ በሩ ተሰብሮ፣ መደርደሪያው ባዶ ቀርቷል፤ ኑርሁሴን ራሱ በሰው ፊት ባዶውን መደርደሪያ እያየ አልቅሷል። ሌሎቹም ሱቆች ያው ናቸው። የሸሸው ሰው አንሶላውን ይዞ ሸሽቷል፣ ያልያዘውን ሌላ ወስዶታል። ጽጌ አጥባ ያስቀመጠችውን ነጠላ ይዛ መጣች። ኑርሁሴን በትሕትና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አላህ ይስጥሽ እህቴ፤ ሰው የለበሰውን ግን አባቴን አላለብስም» አላት።

ኢማሙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «የተለበሰም ቢሆን ንጹሕ ከሆነ ይሆናል ኑርሁሴን» አሉ። «ሦስት ጨርቅ ከጠፋ አንድም ይበቃል፤ ዘመኑ የችግር ነው።»

አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ናጅዋ ዘንድ አቡጀዲ አለ» አለች።

ሁሉም ወደ ናጅዋ ዞረ። ናጅዋ ሀስናን አዝላ ቆማለች። በዚያች ቅጽበት የታያት የፍየሏ ጡት ነው፤ በኋላ ይህንን ስታስብ ታፍራለች። ቀጥሎ የታያት ግድግዳ የተደገፉት ሽማግሌ ናቸው።

«የትራሱ ቁራጭ ገና ምንም አልተነካም» አለች። «እሱን ውሰዱ። አንዱ ይበቃል ብለዋል።»

ኢማሙ «ጀዛኪላህ፣ በቂ ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ኑርሁሴን ቀደማቸው።

«አባቴ የመርሳ ሽማግሌ ነው» አለ፤ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። «ሰባ ዓመት ሰው የቀበረ ሰው ነው። በአንዲት ብጣሽ ጠቅልዬ ጉድጓድ ልጣለው? ወንድ ልጅ ሦስት ነው የሚለብሰው። ናጅዋ እህቴ፣ በአላህ፣ ሦስቱንም ስጪኝ። መንገድ ይከፈት እንጂ እጥፉን እተካልሻለሁ።»

«አያ ኑርሁሴን፣ ጥልፉ እኮ የሰው አደራ ነው። ፍየሏ...»

«ፍየል!» አለች ከሴቶቹ አንዷ። «ሬሳ ከቤት ተጋድሞ ፍየል ታነሳለች?»

ናጅዋ ወደ ሴቶቹ አየች። ለቀብር የተለመነውን የከለከለ ሰው፣ ነገ የራሱ ሲሞት ማን ይቆምለታል? የምትኖረውስ በማን ቤት ነው? እሳቸውስ፣ አታስወጣትም ያሉት ሽማግሌ? ገብታ የአልጋ ልብሱን አወጣች።

ከፈን ነጭ መሆን አለበት፤ ጌጥ አይወጣበትም። ስለዚህ መፈታት ነበረበት። ናጅዋ፣ ጽጌና ሁለት የሰፈር ሴቶች ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። ያለው አንድ መቀስና ለሁለት የተሰበረ አንድ ምላጭ ነው። የቀረችው በመርፌና በጥፍር ትነቅላለች። ጥልፍ ሲጠለፍ ከፊት ነው፤ ሲፈታ ግን ከጀርባ ነው የሚጀመረው፤ ቋጠሮው ያለው እዚያ ነው። ናጅዋ ይህን ለሴቶቹ አሳየቻቸው፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ክሩን አጠር አጠር አድርጎ መቁረጥ እንደሚሻል ነገረቻቸው። ድምጿ የአስተማሪ ይመስል ነበር። አንድ ወር ተኩል የወሰደው ብርቱካን በግማሽ ሰዓት ሰሌኑ ላይ ቀይ ገለባ ሆነ።

ጽጌ እየነቀለች፣ «የልጄን ሹራብ የዛሬ ወር ተኩል ሳፈርሰው ልቤ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ለማፍረስ የተፈጠርን ነን።»

«ጽጌ፣ ዛሬ ሙት አለ፤ አፍሽን» አለቻት አንዷ።

«ሙቱማ ዝም ብሏል። የሚናገረው ቋሚው ነው፣ ሦስት ካልሆነ እያለ።»

መሃሉ ላይ ሲደርሱ ያልጠበቁት ገጠማቸው። ክሩ ወጥቶ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ቁልጭ ብሎ ቁጭ አለ። በሳሙና አሹት፣ በአመድ አሹት፣ በሎሚ አሹት፤ ፈዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። አንዷ ሴት «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ተነሳች። ናጅዋ ጨርቁን ወደ ጭኗ ሳበች። የሁለቱን ቁራጭ ስፌት ፈታች፤ ፊደሉ ለሁለት ተከፈለ፣ «እንኳን ደ» በአንደኛው ቀረ፣ የቀረው በሌላኛው። ኢማሙ ተጠርተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ወደ ውስጥ ይግባ» አሉ። «ያልተነካው ከላይ ይሁን። አላህ የሚያየው ሌላ ነው።»

ከዙህር በኋላ ሬሳው ወጣ። ነጭ ነበር። ሰው ሁሉ፣ አገር በጠፋበት ጊዜ ኑርሁሴን አባቱን በሙሉ ከፈን ቀበረ ብሎ አደነቀ።

ናጅዋ ከሰሌኑ ላይ ክሩን ለቀመች። አብዛኛው ከጣት አይረዝምም። ረዘም ያለውን ለየች። የጽጌ ባል ዳቦ ቤት ይሠራ በነበረ ጊዜ የተረፉ ሁለት የፊኖ ዱቄት ከረጢቶች ነበሩ፤ እነሱን ቀቅላ፣ አጥባ፣ በአምስት ቀን የትራስ ልብስ አደረገቻቸው። በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ብርቱካን ገባ። ክሩ ስለማይበቃ ብርቱካኖቹን አልሞላቻቸውም፤ ዙሪያቸውን ብቻ በሰንሰለት ስፌት ከበበቻቸው። አልጋ ልብስ ባይሆንም ጥልፍ ነው፤ እትዬ ዘይነባ ሰው ናቸው፣ ብላ አሰበች። በኒካሑ ዋዜማ ሀስናን አዝላ ግራና ገባች።

በሩ ላይ ሳትደርስ የግልገሉን ጩኸት ሰማች። ምሰሶ ላይ ታስሮ ይጮኻል። ከአጠገቡ፣ በአጥር ላይ፣ የእናቱ ቆዳ ተሰጥቷል።

እትዬ ዘይነባ ወጥተው አዩዋት። «ኧረ ልጄን!» አሉ። «ወሬው እኮ ቀድሞሽ ደረሰ። ለሙት ሰጠችው አሉኝ። አላህ ይቀበልሽ፤ እኔ ብሆንም እሰጥ ነበር። ታዲያ እኔስ? እንግዳ ጠርቻለሁ፤ ምን ላብላ? ዛሬ ጠዋት ነው ያረድናት።»

ናጅዋ የትራስ ልብሶቹን ዘረጋችላቸው። ተቀበሏቸው፤ ወደ ብርሃን አዞሩ። ከብርቱካኑ ሥር ከመቀቀል የተረፈ ጽሑፍ አለ፦ «50 ኪሎ»።

«ልጄን በሚዛን ልላካት እንዴ?» አሉ። ቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «አማቶቿ ያያሉ የኔ ልጅ። የእርዳታ ከረጢት አነጠፉልን ይላሉ። ለሌላ ሽጪው።»

ገቡና አንድ ጣሳ ወተት ይዘው ተመለሱ። «ከመታረዷ በፊት ያለብናት ናት። የመጨረሻዋ ናት፤ ለልጅቱ።»

ሀስና በመንገድ ላይ፣ ሾላ ሥር፣ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ነጭ ጢም አወጣች፤ ሳቀች። ናጅዋ በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ያቺን ጣሳ ባላገኘኋት ኖሮ ብላለች። ልጅቱ ጣዕሙን አወቀችና ሁለት ቀን ሙሉ ለእሱ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ተወችው።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ወጣ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ እልል አለ፣ ተቃቀፈ፤ ናጅዋም እልል ብላለች። በሦስተኛው ቀን፣ አንድም የዕቃ መኪና መርሳ ሳይገባ፣ ዓሪፍም ገና ሳይመጣ፣ ጽጌ እየሮጠች ገባች።

«የአያ ኑርሁሴን ሱቅ ተከፍቷል። አቡጀዲ አለ።»

«ከየት መጣ?»

«ሂጂና አሽትቺው።»

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። መደርደሪያው ላይ የአቡጀዲ ጥቅል ተደርድሯል፤ ስድስት ሰባት ይሆናል። ኑርሁሴን ናጅዋን ሲያይ ሜትሩን አስቀመጠ።

«ነይ ነይ፤ ልጅቱ እንዴት ናት?»

ልጅቱ በጀርባዋ ናት። ዓመት ሞልቷታል፤ አትቆምም። ናጅዋ አንዱን ጥቅል ሳብ አድርጋ እጥፋቱን ገለጠችው። የጤፍ ጭድ ረገፈ። ግቢው ውስጥ፣ ከክፍሏ ጀርባ፣ በጋ ከክረምት የማይነካ አንድ የጭድ ክምር አለ። ሽማግሌው ፀሐይ የሚሞቁት ከእሱ ጥግ ነበር።

«አባ የሞቱ ቀን ይሄ የት ነበር፣ አያ ኑርሁሴን?»

ኑርሁሴን ወደ ሰዉ አየ፤ ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ሱቅ የለሽም፣ አይገባሽም። ጦሩ ሊገባ ሲል ነው የቀበርኩት። አንድ ክንድ ባወጣ፣ የቀረው የት አለ ብለው ያርዱኝ ነበር። ግቢው ሰው በሰው ነበር፤ ማንን ልመን?»

«ፈርተው ነው። ይሁን። ኢማሙ አንድ ይበቃል ሲሉ ግን ሰምተዋል።»

ኑርሁሴን ሜትሩን መልሶ አነሳ።

«ሦስት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ለአባቴ ነዋ! በአንድ ጨርቅ ቀበረው ቢባል ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል» አለች ናጅዋ። «እርስዎ ለስምዎ፣ የልጄን ወተት ነው ያለበሷቸው።»

ከወረፋው መሃል አንዲት ሴት፣ «ለሙት የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው» አለች።

ጽጌ ዘወር አለች። «ለሙት መቼ ሰጠች? ለቋሚ ነው የሰጠችው፤ ያውልሽ ሜትር ይዞ ቆሟል።»

ኑርሁሴን ጆሮው ቀላ። «እተካለሁ ብያለሁ፣ አልካድሁም» አለና ለካ። አንዱን ቆርጦ ሰጣት። ናጅዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሦስት» አለች።

ሁለተኛውን ቆረጠ። ሦስተኛውን ሲቆርጥ መቀሱ ጠማማ ሄደ። እጥፉን እተካለሁ ማለቱን ናጅዋ አላስታወሰችውም፤ እሱም አላነሳው። አጣጥፋ፣ በክንዷ አቅፋ ወጣች።

ጽጌ ከኋላዋ ደረሰችባት። «እርሳስ አለኝ፤ በእስክሪብቶ አንነድፈውም እንግዲህ። ዛሬውኑ እንጀምረው?»

«አልጠልፈውም» አለች ናጅዋ። «ሲሪንቃ መንገድ ዳር ላም ያላቸው ሴቶች አሉ። ባዶውን ጨርቅ እሰጣቸዋለሁ፤ በለውጡ በየቀኑ ወተት የምትሰጠኝ ካገኘሁ።»

«በጥልፍ እኮ ሙሉ ላም ያወጣል፣ ሞኝ!»

«ጥልፍ ወር ተኩል ይፈልጋል ጽጌ።»

ዋናው መንገድ ላይ ቆመች። ልጇ በጀርባዋ፣ ጨርቁ በክንዷ ነው፤ እንዲሁ ሳታስበው የቱ እንደሚከብድ ልብ አለች። የከበዳት በክንዷ የያዘችው ነበር።